የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከዋተርሃውስ መንደር እስከ ግራሚ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ዳንስሆል ስለተባለው የጃማይካ የጭፈራ ሙዚቃ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው ዓምዱን በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። ለየብቻ ካልጠቀስን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቢኒ ማን የተባለው የጃማይካ ዘፋኝ ከድሃ ሰፈር ተነስቶ፣ ገና በ5 ዓመቱ ማይክ ጨብጦ፣ ግራሚ ድረስ ሄደ ይባላል። እኛም ሰፈር ድምፅ ያለው ልጅ ሞልቷል፤ ግን ከሠርግና ከልደት የዘለለ የለም። እነሱ ጋ ምን ቢኖር ነው? (ከኮልፌ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ድምፅማ እዚያም እዚህም ሞልቷል። እነሱ ጋ የነበረው ልጁ ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ የሚደርስበት መሣሪያ ነው።

ዋተርሃውስ በኪንግስተን ከተማ በስተምዕራብ የሚገኝ የቆርቆሮ አጥር የበዛበት ሰፈር ነው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጠጋኙ ኪንግ ተቢ በድራሚሊ ጎዳና ባለው ቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ ሠርቶ ነበር። የእሱ ደቀ መዝሙር ኪንግ ጃሚ ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ በሴንት ሉሲያ መንገድ የራሱን ከፈተ። ሁለቱም የመኖሪያ ግቢዎች ናቸው። ቀጠሮ የለም፣ ጸሐፊ የለም፤ ልጆች በሩ ላይ ተኮልኩለው "ዛሬ ማን ይገባል?" እያሉ ይውላሉ። በ1973 የተወለደው አንቶኒ ሞዝስ ዴቪስ፣ የኋላው ቢኒ ማን፣ ያደገው በዚህ አካባቢ ነው። አጎቱም ለሬጌ ዘፋኙ ጂሚ ክሊፍ ከበሮ ይመታ ስለነበር ሙዚቃ እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ከቤቱ አይቷል።

መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። በጃማይካ "ዲጄይ" ሸክላ የሚያጫውተው ሳይሆን በሙዚቃው ላይ ግጥሙን የሚደረድረው ሰው ነው፤ ሸክላ መራጩ "ሴሌክተር" ይባላል። ይህን ያልለየ ሰው የዳንስሆልን ታሪክ ሲያነብ ግራ ይጋባል።

መሰላሉ የሚጀምረው ከመንገድ ዳር ጭፈራ ነው። ሳውንድ ሲስተም የሚባለው ቡድን የስፒከር ሳጥኖቹን እንደ ግድግዳ ይደረድራል። ባለ 7 ኢንች ሸክላ በአንድ ፊቱ ዘፈኑን፣ በሌላው ፊቱ ዘፈን የሌለበትን ሙዚቃ ብቻ ይይዛል፤ ይህኛው ፊት "ቨርዥን" ይባላል። ሴሌክተሩ ቨርዥኑን ይለቅና ማይኩን ለሰፈር ልጅ ያቀብላል። ልጁ ሰውን ካስደሰተ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሴሌክተሩም ሸክላውን ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ያስጀምረዋል። ካላስደሰተ ማይኩ ወዲያው ወደ ሌላ እጅ ያልፋል። የአዝማሪ ቤቱን "ተቀበል!" የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ዋናው ጥቅም ይህ ነው፦ ደካማ ግጥም ብር ሳያስወጣ በዚያው ሌሊት ይሞታል። ስቱዲዮ የሚገባው ሰው አስቀድሞ የጮኸለት ብቻ ነው።

ሁለተኛው እርከን የተሰጥኦ ውድድር ነበር። ቴስቲ የተባለው የምግብ ድርጅት ስፖንሰር በሚያደርገው ውድድር በ1979 የሎውማን የተባለው ዲጄይ ተሸንፎ ሁለተኛ ወጥቷል። የሎውማን አልቢኖ ነው፤ ያለ ወላጅ በካቶሊክ መነኮሳት በሚተዳደረው አልፋ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው ያደገው። ሰው የሚጠቋቆምበትን መልኩን ራሱ የግጥሙ ርእስ አደረገውና በ1984 በታላቁ ሲቢኤስ ኩባንያ አልበም ለማውጣት በቃ። ቢኒ ማን ይህንኑ ውድድር በ1981 አሸነፈ። ያኔ የ8 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሪ ጂ የተባለው የሬዲዮ ሰው ከትልልቅ ሳውንድ ሲስተሞች ጋር አስተዋወቀው።

ሦስተኛው ደብፕሌት ነው፦ በአሉሚኒየም ላይ ላከር የተቀባ፣ ብዙውን ጊዜ ባለ 10 ኢንች፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሸክላ። ዲጄዩ በግጥሙ መሃል የሳውንድ ሲስተሙን ስም እየጠራ ያወድሰዋል። ለስላሳ በመሆኑ መርፌው ራሱ ይፍቀዋል፤ ጥቂት አስር ጊዜ ከተጫወተ ድምፁ ይደበዝዛል። ስለዚህ ባለ ሳውንዱ ቶሎ ቶሎ አዲስ ያስቀርጻል፣ ዲጄዩም ቶሎ ቶሎ ይከፈለዋል። ከዚያ ነው ለገበያ የሚታተመው ሸክላ፣ ከዚያም መድረክ። የመድረኩ ቁንጮ በየዓመቱ ዲሴምበር 26 ይካሄድ የነበረው "ስቲንግ" ሲሆን፣ በ1993 ቢኒ ማንና ተቀናቃኙ ዲጄይ ባውንቲ ኪለር ፊት ለፊት የተጋጠሙት እዚያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ቢኒ ማን በ1983 "የአሥር ዓመቱ ተአምር" ተብሎ አልበም ወጥቶለት ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ድምፁ ጎረመሰ፣ "ሕፃኑ" መባሉ ቀረ። ትልቁ ሥራው እስኪመጣ 10 ዓመት ያህል አለፈ። በውጭ አገር በሰፊው ያስተዋወቀው የ1997 ዘፈን የተሠራው ጄረሚ ሃርዲንግ በቀመረው "ፕሌይግራውንድ" ሪዲም (ዘፈን የሚደረደርበት ሙዚቃ) ላይ ነው። ግራሚው በ2001 መጣ። በልጅነት ታዋቂ የሆነን ልጅ ለምታሳድጉ፣ ይህን የ10 ዓመት ክፍተት አስቡበት።

ኮልፌ ላይ ይህን መሞከር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታና ሰዓት፣ 4 ሪዲም አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ተረኛ 16 ስንኝ ስጡት፤ ካለቀበት ይውረድ። በስልክ ቅዱና በማግስቱ ሰው የደገመውን ስንኝ ብቻ አስቀሩ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ጓደኞቹን ብቻ ተመልካች በማድረግ ነው፤ ጓደኛ ሁሉንም ያጨበጭባል።

ጥያቄ፦ አሥር የዳንስሆል ዘፈን ብሰማ ሙዚቃው አንድ ነው፣ የሚለየው ዘፋኙ ብቻ። ይህ ስርቆት አይደለም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አሠራሩ ነው። ሙዚቃው ሪዲም ይባላል፤ ፕሮዲውሰሩ አንዱን ሪዲም ለአሥር፣ ለሃያ ዲጄይ ይሰጣል። ለሴሌክተሩ ምቾት ነው፦ ምቱ ሳይቋረጥ ድምፅ ብቻ እየተቀያየረ ሰዓት ሙሉ ያስጨፍራል። ለድሃው ልጅም ምቾት ነው፦ ባንድ መከራየት አይጠበቅበትም፣ አንድ ሰዓት የስቱዲዮ ጊዜ ይበቃዋል። ደግሞም ፈተና ነው፤ ሙዚቃው እኩል ስለሆነ ብልጫው የሚታየው በግጥምና በአጣጣል ብቻ ነው።

ዝነኛው ምሳሌ "ስሌንግ ቴንግ" ነው። ዌይን ስሚዝና ኖኤል ዴቪ ካሲዮ ኤምቲ 40 በተባለች ትንሽ ኪቦርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የ"ሮክ" ምት አገኙ፤ ኪንግ ጃሚ ፍጥነቱን ቀነሰና በ1985 አወጣው። ምቱን ለካሲዮ ያዘጋጀችው ኦኩዳ ሂሮኮ የተባለች ወጣት ጃፓናዊት ሠራተኛ ነበረች። ከዚያ በኋላ በዚሁ ምት ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች ተሠርተዋል። የባንድ ደመወዝ የማይችል ሁሉ በአንዲት የፕላስቲክ ኪቦርድ ፕሮዲውሰር ሆነ፤ የዲጂታል ዳንስሆል ዘመን የተከፈተው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን የራሳችንን ሳውንድ ሲስተም እየሠራን ነው። ባለ 18 ኢንች ቤዝ ስፒከር ሁለት ጊዜ ተቃጠለብን፤ ሻጩ "አምፑ በዛበት" ይላል፣ ጠጋኙ "አምፑ አነሰ" ይላል። ማንን እንመን? (ከሻሸመኔ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን እንዲህ ዓይነት ብልሽት ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚገመተው ምክንያት ጠጋኙ ያለው ነው። አምፑ (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) አቅሙ ሲያልቅ ድምፁን በንጹሕ ማሳደግ አይችልም፤ የማዕበሉን ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ድምፅ በስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ላይ የማያቋርጥ ሙቀት ይሆናል። በአምፑ ፊት ላይ "ክሊፕ" የሚል ቀይ መብራት አለ። አልፎ አልፎ ብልጭ ቢል ችግር የለም፤ በየምቱ የሚበራ ከሆነ ግን ስፒከሩን እያቃጠላችሁት ነው።

ከሳጥኑ ላይ የምታነቡትን ዋት አትመኑ። "ፒክ" የሚለው ቁጥር ለማማለል ነው፤ 2400 ፒክ የተባለው ስፒከር እውነተኛ አቅሙ፣ ማለትም "አርኤምኤስ"ው፣ 600 ሊሆን ይችላል። አምፑ ከስፒከሩ አርኤምኤስ እኩል እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ መሃል ላይ ደግሞ ሊሚተር (ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚገድብ መሣሪያ) አስገቡ።

ቀጥሎ ኦሙን (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለውን መቋቋም) ቁጠሩ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር በትይዩ ስታገናኙ 4 ኦም ይሆናል፣ አራት ስታገናኙ 2 ኦም። ብዙ አምፕ በ2 ኦም ላይ ይግላል ወይም ራሱን ይዘጋል። አራት ሳጥን ካላችሁና አምፑ ከ4 ኦም በታች የማይችል ከሆነ፣ ሁለት ሁለቱን ለየቻናሉ አካፍሉ።

የተለመደው የጃማይካ አሠራር ድምፁን በሦስት ይከፍለዋል። ከ100 ወይም ከ120 ኸርዝ (በሰከንድ የሚኖር ንዝረት) በታች ለቤዝ፣ ከዚያ እስከ 2 ወይም 3 ሺህ ኸርዝ ለመካከለኛው፣ ከዚያ በላይ ለቀጭኑ። እያንዳንዱ የራሱ አምፕ አለው፤ የሚከፋፍለው ክሮስኦቨር ነው። የእናንተ ሳጥን ስፒከሩ ወደ ውስጥ የገባበት "ስኩፕ" ዓይነት ከሆነ አንድ ጠላት አለው፦ በጣም ዝቅተኛ ድምፅ። ከ30 ኸርዝ በታች ሳጥኑ የስፒከሩን ወረቀት አይደግፈውም፤ ስፒከሩ በባዶ እየዘለለ ይቀደዳል። ከ30 እስከ 35 ኸርዝ ባለው ቦታ ላይ ከዚያ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ አድርጉ። ጆሮ ምንም አይጎድልበትም።

ሳጥኑን በ18 ሚሊሜትር ፕላይውድ ሥሩት፤ ቺፑድ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ብሎኑም ይለቃል። መገጣጠሚያውን በኮላ ሙሉ በሙሉ ድፈኑት። አየር የሚያወጣ ቀዳዳ ካለ ቤዙ "ፉፉ" ይላል። ቤዝ ሳጥኖችን ግራና ቀኝ አትበትኑ፤ አንድ ላይ አቀራርቡ። ሲበተኑ መሃል ላይ ቤዙ የሚሰማበትና የማይሰማበት ሰንበር ይፈጠራል፤ ሲጠጋጉ ግን ይደጋገፋሉ።

ገመድ ላይ አትቆጥቡ። በ0.75 ካሬ ሚሊሜትር የመብራት ገመድ 20 ሜትር ርቃችሁ 4 ኦም ብታገናኙ ከኃይሉ አምስተኛው ያህል በገመዱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እስከ 10 ሜትር 2.5 ካሬ፣ ከዚያ ለረዘመ 4 ካሬ ተጠቀሙ። መብራቱን በተመለከተ፣ ከ220 ቮልት መስመር 4 ሺህ ዋት ሲሳብ 18 አምፔር ያህል ይሆናል፤ ይህን በአንዲት ማከፋፈያ ላይ ከቡና ማፍያ ጋር አታድርጉት። ስትከፍቱ ሚክሰር መጀመሪያ፣ አምፕ መጨረሻ፤ ስትዘጉ አምፕ መጀመሪያ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሚሰማው "ድም!" የሚል ምት ቀጭኑን ስፒከር በአንድ ጊዜ ሊገድለው ይችላል።

ለኢኮ (ድምፁን ለሚደጋግመው ማስተጋባት)፦ የሙዚቃው ፍጥነት በደቂቃ 100 ምት ከሆነ 600 ሚሊሰከንድ ሙሉ ምት ነው። 450 ላይ ስታደርጉት ነው ያ የተንገዋለለ የዳንስሆል ስሜት የሚመጣው። ለሌላ ፍጥነት 60 ሺህን ለምቱ ብዛት አካፍሉና በ0.75 አባዙ።

ጥያቄ፦ አማርኛ በዳንስሆል ምት ላይ ስሞክር ይደናቀፋል፤ የእንግሊዝኛውን ያህል አይፈስም። ቋንቋችን አይመችም ማለት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይመቻል፤ ጆኒ ራጋንና ኃይሌ ሩትስን የሰማ ሰው ይህን አይጠይቅም። ችግሩ ብዙ ጊዜ አቆጣጠሩ ነው።

የዳንስሆልን ምት ግማሽ መስመር በ8 ቁጠሩት፤ ምቱ የሚያርፈው በ1፣ በ4 እና በ7 ላይ ነው። ማለትም ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት። አሁን ይህን በዝግታ እያጨበጨቡ ይበሉት፦ "ሰፈሬ፣ ሰፈሬ፣ ማታ"። ሦስት ፊደል፣ ሦስት ፊደል፣ ሁለት ፊደል፤ የእያንዳንዱ ቃል መነሻ ምቱ ላይ ወደቀ። ባለ ሦስትና ባለ ሁለት ፊደል ቃላትን በዚህ ዓይን መሰብሰብ ይጀምሩ። ከችክችካ የመጣ ጆሮ ስድስት ስድስት እየቆጠረ ሊጎትትዎ ይችላል፤ መደናቀፉ የሚመጣው ምናልባት ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥብቅና ልል ነው። "ገና" ሲላላ "እስካሁን" ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። "አለ"ም እንዲሁ፦ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል። በፍጥነት ሲደረደር ጥብቀቱ ይጠፋና ትርጉሙ ይገለበጣል። መፍትሔው ለጠባቂው ድምፅ አንድ ባዶ ቁጥር መተው ነው። በዓሉን የሚሉ ከሆነ ቃሉን በሦስቱ ክፍል ያስቀምጡት (ገ፣ ዕረፍት፣ ና)፤ "እስካሁን" ከሆነ በሁለቱ ክፍል።

ሦስተኛ፣ ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቤት መምታት በጣም ይቀላል፤ ያ ነው ወጥመዱ። "እመጣለሁ፣ እዘፍናለሁ፣ እጨፍራለሁ" እያለ 16 ስንኝ የሚዘልቅ ሰው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሰውን ያስተኛዋል። ግጥም ቃልን ማገላበጥ ይፈቅድልናል፤ "ከሰፈሬ መጣሁ" ከሚሉ "መጣሁ ከሰፈሬ" ይበሉና በስሙ ቤት ይምቱ። በአንድ ሙሉ መስመር ከ16ቱ ቁጥር 10 ወይም 12ቱን ብቻ ይሙሉ፤ የቀረው ለትንፋሽ ነው። ትንፋሽ ያልተተወለት ግጥም ስቱዲዮ ውስጥ በቁርጥራጭ ተቀድቶ ያምራል፤ መድረክ ላይ ግን ዘፋኙን ያንቀዋል።

ጥያቄ፦ ከዩቲዩብ "ነጻ" የሚል ሪዲም አውርጄ ዘፈንኩበት። ዘፈኑ ሲወደድ ገቢው ለሌላ ሰው ይሄድ ጀመር። መብቴን እንዴት ላስመልስ? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ምናልባት ያጡት መብት ላይኖር ይችላል። "ነጻ" የሚለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ "ገንዘብ ለማይገኝበት ሥራ ነጻ" ማለት ነው፤ ከሥር በትንንሹ ተጽፏል። መጀመሪያ ያንን ያንብቡ። ቀጥሎ ለባለቤቱ ይጻፉና ፈቃድ ይግዙ፤ ኪራይ ከሆነ ስንት ጊዜ መደመጥ ድረስ እንደሚፈቅድ፣ ለብቻዎ ከሆነም ከእርስዎ በፊት የገዙ ሰዎች መኖራቸውን ይጠይቁ። ፈቃዱ በእጅዎ ከገባ በኋላ ነው ዩቲዩብ ላይ ተቃውሞ የሚያስገቡት፤ ያለ ወረቀት የሚቀርብ ተቃውሞ ቻናልዎን ሊያስቀጣው ይችላል።

አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት መሆኑን ያስታውሱ፦ ድርሰቱ (ግጥምና ዜማ) አንድ፣ ቅጂው ሌላ። ለሚቀጥለው፣ ስቱዲዮ ከመውጣትዎ በፊት በአንዲት ገጽ ላይ የዘፈኑን ርእስ፣ ቀኑን፣ የሁሉንም ሙሉ ስም፣ የእያንዳንዱን ድርሻ በመቶኛ፣ ቅጂው የማን እንደሆነ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ድምሩ 100 ይሁን። ግማሹ ለሪዲሙ፣ ግማሹ ለግጥምና ለዜማው መስጠት የተለመደ ነው፤ ሕግ ግን አይደለም። አገር ቤት ለሚሠራ ሥራ የሚያገለግለው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል (ሁለቱም ቁጥሮች በእኛ አቆጣጠር)።

ጃማይካኖቹ ይህን በመከራ ነው የተማሩት። እስከ 1993 ድረስ የሚተዳደሩት በ1911 በወጣ የእንግሊዝ የቅጂ መብት ሕግ ነበር። ዲጄዩ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሄዳል፤ ሸክላው ለንደን ውስጥ ስንት እንደተሸጠ የሚነግረው የለም። የቆየ ሒሳብ ዛሬም አልተዘጋም፦ ስቲሊና ክሊቪ የተባሉት ፕሮዲውሰሮች በ1989 የሠሩት "ፊሽ ማርኬት" የተባለ ሪዲም የሬጌቶን (የላቲን አሜሪካ የጭፈራ ሙዚቃ) ምት መሠረት ነው በሚል በ2021 ሎስ አንጀለስ ክስ ቀርቦ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ዘፈኖችን ያካተተ ግዙፍ ሙግት ሆኗል።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ እነዚህን ዘፋኞች ይከተላል። ግማሾቹ ታስረዋል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ግማሾቹ አልታሰሩም፤ ስጋትዎ ግን ከባዶ አልመጣም። ከኪንግስተን አጠገብ ካለችው ፖርትሞር የተነሳው ዲጄይ ቫይብዝ ካርቴል በ2011 ተይዞ በ2014 በግድያ ተፈረደበት፤ ለንደን ያለው፣ የጃማይካ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የሆነው ፕሪቪ ካውንስል በማርች 2024 ፍርዱን ሻረው፤ የጃማይካ ይግባኝ ፍርድ ቤትም ጉዳዩ እንደገና አይታይም ስላለ ዘፋኙ በጁላይ 2024 ተፈታ። የሻረው በዳኝነቱ ሂደት ጉድለት ነው፤ ልጅዎ "ንጹሕ ነው ተባለ" ካለዎት እንዲህ ብለው ያርሙት። ሌሎችን የጎዳው ግጥማቸው ነው። ሁለት ግራሚ የወሰደው ሻባ ራንክስ በግብረ ሰዶማውያን ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ደግፎ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከተናገረ በኋላ የአሜሪካ መድረኮች ተዘጉበት። በ2010 ደግሞ አሜሪካ የቢኒ ማንንና የባውንቲ ኪለርን ጨምሮ የበርካታ ዲጄዮችን ቪዛ ሰረዘች። ዋና ገቢው ከውጭ ኮንሰርት ለሚመጣ ዘፋኝ ይህ ሱቁ ታሸገ ማለት ነው።

ልጅዎ ግጥሙን ወደ አማርኛ እንዲተረጉምልዎ ይጠይቁት። አንዳንዱን መስመር ራሱ ጮክ ብሎ ማንበብ ያፍራል። የቡጁ ባንተንን የ1995 አልበምም ያሰሙት፤ የግጭት ዘፈን ይዘፍን የነበረ ሰው ወደ ራስ ተፈሪያን እምነት ያዘነበለበት ዘመን ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ቢኒ ማንና ባውንቲ ኪለር ከዚያ ሁሉ ጠብ በኋላ አብረው ታይተዋል ይባላል። የት? (ከዱባይ)

መልስ፦ ሜይ 23 ቀን 2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ በኢንተርኔት በቀጥታ በተላለፈው "ቨርዙዝ" በተባለው የዘፋኞች የዘፈን ግጥሚያ ላይ። ሌሎች ተጋጣሚዎች ከየቤታቸው በስክሪን ሲገናኙ ሁለቱ ኪንግስተን ውስጥ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ቆሙ፤ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በአንድ ጊዜ ይመለከታቸው ነበር። መሃል ላይ የሰዓት እላፊ የሚያስከብሩ ፖሊሶች ገቡ። ቢኒ ማን ዓለም እያያቸው መሆኑን ከነገራቸው በኋላ ፖሊሶቹ ወጡ፤ ሙዚቃውም ቀጠለ።